ሥዕል ገዢውን ተከትሎ ይሄዳል



በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ተመረቁ፣ ስለ ተሾሙና ስላረፉ ማንበብ ለምደናል። እኔ ዘንድሮ ስለ ሥዕል ልጽፍላችሁ ነው። "ደምበጫ የምትሠራ ሐኪም ከሥዕል ጋር ምን አገናኛት?" የምትሉ አትጠፉም። የሚያገናኘን ነገር ግን ከምታስቡት በላይ የቆየ ነው፤ በአገራችን ከጥንቶቹ የሥዕል ገዢዎች አንዱ በሽተኛው ነበርና። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

እስካሁንም እዚህ ደምበጫ የታማሚ ደረት ለማዳመጥ ስቴቶስኮፕ ሳስጠጋ፣ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ገለል ማድረግ ያለ ነው። የድሮው ክታብ ረዥም የብራና ጥቅልል ነበር፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ተብሎ በበሽተኛው ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር። ደብተራው ጸሎቱን በግዕዝ ይጽፍበታል፤ ሰይፍ የያዙ መላእክትን፣ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖችን፣ ጠልሰምን ይስልበታል። የበሽተኛውም የክርስትና ስም በቦታው ይገባል። ጥቅልሉ ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲዞር የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይተካል። በእኛ ሙያ ቋንቋ ስንናገረው የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ነው እኮ፤ ስም ያለው፣ ዋጋ የተከፈለበት። ዛሬ ከእነዚህ ጥቅልሎች ብዙዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ይገኛሉ። በሽተኛዋ ካለፈች ስንት ዘመኗ፤ ስሟ ግን ብራናው ላይ አለ።

ሁለተኛው ገዢ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ባለጸጋ ነው። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያያችሁ፣ መቅደሱ ዙሪያውን እንዴት በሥዕል እንደተሸፈነ ታስታውሳላችሁ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግርጌ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ተደፍቶ ይታያል። እሱ ያሠራው ሰው ነው፤ ስሙም አብሮ ይጻፋል። የሠዓሊው ስም ግን ከስንት አንዴ ቢገኝ ነው። የገዢው ስም ከሠዓሊው ስም በላይ መቆየቱን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከ1896ቱ የዓድዋ ድል በኋላ ሦስተኛ ገዢ መጣ። አዲስ አበባ የሌጋሲዮንና የነጋዴ ከተማ ስትሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩ ሰዎች ያንኑ ሙያ ወደ ጨርቅ አወረዱት። እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን ንግሥተ ሳባንና ሰሎሞንን፣ የዓድዋን ጦርነት፣ ግብሩንና አደኑን እየሣሉ ለውጭ አገር ሰዎች ሸጡ። ንግሥተ ሳባ ልክ እንደ ዛሬ ተከታታይ ፊልም በትንንሽ ሣጥን ተከፋፍላ የተሣለችው፣ ታሪኩን ለማያውቅ እንግዳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መንገር ስለሚያስፈልግ ይመስለኛል። ገዢው ሲለወጥ ሥዕሉም መልኩን ለወጠ።

የጎጃሙ ሰው ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቄስ አዳሙ ተስፋው የቢቸና ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን አሣሣል የተማሩ ካህን ነበሩ፤ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በጨርቅ ላይ እየሣሉ ለቱሪስት ዕቃ መሸጫዎች አቀረቡ። ቅዱሳኑንም፣ ጦርነቱንም፣ የባላገሩንም ኑሮ ሣሉ። ሬይመንድ ሲልቨርማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሥራቸውን ለዓመታት አጠና። በ2005 በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፋውለር ሙዚየም የእርሳቸው ብቻ የሆነ ትልቅ ዐውደ ርእይ ተከፈተ፤ መጽሐፍም ወጣ። እኛ ያኔ ጥቁር አንበሳ በየዋርዱ ስንሯሯጥ ነበር። የቢቸናውን ቄስ ሥራ ለማየት ከቢቸና ይልቅ ሎስ አንጀለስ ይቀርብ ነበር ማለት ነው። ይህ ግን የማንም ጥፋት አይደለም። የገዛው፣ ያጠናውና ያስቀመጠው እዚያ ስለነበረ ነው።

በዚያው ክፍለ ዘመን በሌላ መንገድ ደግሞ ዘመናዊው ሥዕል መጣ። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የዩኒቨርሲቲያችን ትምህርት ቤት ማለት ነው። አፈወርቅ ተክሌ በ1961 ለተከፈተው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስታወት ሥዕል ሠሩ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሰው አስተማሩ። የገዢዎቹ ዝርዝር ግን አጭር ነበር፤ ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ ለሥራ የመጣ የውጭ ባለሙያ። የእስክንድርን "የጁጁ ሠርግ" የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ወሰደው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ዋናው ደንበኛ መንግሥት ሆነ፤ ፖስተርና ግዙፍ የአደባባይ ምስል የበዛው ለዚህ ነው። ገብረ ክርስቶስ በስደት ወጥቶ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። በጀርመን የቀሩት ሥራዎቹ የተመለሱት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ከ2008 ጀምሮ ስድስት ኪሎ አጠገብ በስሙ በተሰየመው የዩኒቨርሲቲያችን ማዕከል አሉ። ሄዳችሁ የማታውቁ እባካችሁ ሂዱ።

ጋለሪ፣ ማለትም ሠዓሊን ወክሎ የሚሠራ የንግድ ቤት፣ በአገራችን የቅርብ ነው። ቆንጅት ስዩም በ1996 አስኒ ጋለሪን ስትከፍት፣ የኢምባሲ ግብዣ ሳይጠብቅ ሰው ገብቶ ሥዕል የሚያይበት ቦታ ለከተማው ሰጠች። በ2016 ደግሞ ራኬብ ሲሌና መሳይ ኃይለልዑል አዲስ ፋይን አርትን ቦሌ ላይ ከፈቱ፤ በ2021 ለንደን ላይ ሁለተኛ ቤት ጨመሩ።

ጋለሪ ከሱቅ በምን ይለያል? ሱቅ ሥዕሉን በርካሽ ገዝቶ በትርፍ ይሸጣል፤ ከዚያ በኋላ ማን ሠራው፣ ማን ወሰደው የሚል የለም። ጋለሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን አይገዛም፤ ከሠዓሊው ተረክቦ ያሳያል፣ ሲሸጥ ይካፈላል። በዓለም ላይ የተለመደው ድርሻ ወደ ግማሽ ይጠጋል። "ግማሽ! ምን አደረገና?" ትላላችሁ፤ እኔም ብዬ ነበር። የሚያደርገው ነገር ለእኛ ለሐኪሞች የታወቀ ነው፤ ካርድ ይከፍታል። እያንዳንዱ ሥራ መቼ እንደተሠራ፣ የት እንደታየ፣ ማን እጅ እንደገባ ይመዘግባል። ሠዓሊውን ለንደን ላይ ከ2013 ጀምሮ እንደሚካሄደው 1-54 ወዳለ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ገበያ ይዞ ይሄዳል፤ ዋጋው እንዳይዋዥቅ ይጠብቃል። ካርድ የሌለው በሽተኛ ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን። የሱቆቹ ሥዕሎች አብዛኞቹ ስም አልባ ሆነው የቀሩትም ካርድ ስላልነበራቸው ነው።

ውጤቱ ታይቷል። መሪኮከብ ብርሃኑ በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋናው ዐውደ ርእይ ላይ ተሳትፋለች። በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ የራሷ ድንኳን ኖሯት በተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራዎች ቀረበች። ተስፋዬ የታደሰ መስፍን ተማሪ ነው፤ ታደሰ ደግሞ የገብረ ክርስቶስ ተማሪ። የእኛ ትምህርት ቤት የዘር ሐረግ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው የጁሊ ምህረቱ አንድ ሥዕልም በ2023 ኒውዮርክ ላይ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

ስለ ታደሰ መስፍን ትንሽ ልጨምር። "የሕይወት ምሰሶዎች" በሚለው ተከታታይ ሥራው የሚሥለው የጉሊት ሴቶችን ነው፤ ረዣዥም፣ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ከዙሪያቸው ቀለም ጋር የሚዋሐዱ ሴቶች። አንድ ቀን ሥዕሎቹ ያሉበት የታተመ መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በርበሬ ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት ለክትትል መጡና ዓይናቸው እዚያ ላይ አረፈ።

"ዶክተርዬ፣ እነኝህ ምን ሊሸጡ ነው የቆሙት?"

"የጉሊት ሴቶች ናቸው እማማ፤ ሠዓሊው እንዲህ አያቸው።"

ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና "ገበያ ውላ እንዲህ ቀጥ ያለች ሴት አላየሁም ልጄ። ግን ደግ ሰው ነው፤ ወገባችንን አቀናልን" አሉኝ።

ከዚህ የተሻለ ሐተታ አላነበብኩም። እኔ ክሊኒክ ውስጥ የማየው የዚያን መቆም ዋጋ ነው፤ ሸክም የበላውን ወገብ፣ ከወሊድ በኋላ ሳያርፉ ሸክም ያነሱ ሴቶችን የማህፀን መውጣት። ሠዓሊው ደግሞ ያንኑ ገላ ምሰሶ አድርጎ አቆመው። ሁለቱም እውነት ናቸው። የመሪኮከብን ሥዕሎች ያየ ሐኪምም ሴል ሲከፈል፣ ፅንስ ሲቋጠር ማየቱ አይቀርም። ሥራዎቹ ስለ እኛ ሕሙማን፣ ስለ እኛ ገበያ ናቸው። ደምበጫ ገበያ የምትውለዋ ሴት ግን ራሷን ለንደን ግድግዳ ላይ የማየት ዕድል የላትም።

እዚህ ላይ "ቅርሳችን ተሸጦ አለቀ" የሚል ቁጭት ይነሣል። እኔ አልስማማም። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው ዘረፋ ነው፤ ሊመለስ ይገባል። በሕይወት ያለ ሠዓሊ ወዶ የሸጠው ግን የላቡ ዋጋ ነው። ሠዓሊም የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ቀለምና ሸራ በውጭ ምንዛሬ ነው የሚመጣው። ጋለሪውን መውቀስም ውሃ አያነሳም፤ ገዢው ባለበት ይሄዳል። መጠየቅ ያለብን አገር ውስጥ ያለው ገዢ የት ነው ብለን ነው። በአገራችን ታሪክ በሽተኛው ገዝቷል፣ ባለጸጋው ገዝቷል፣ ፈረንጁ ገዝቷል፣ መንግሥት ገዝቷል። በዝርዝሩ ውስጥ በብዛት የማይታየው የተማረው ሰው ነው፤ እኛ ማለቴ ነው።

ከመንግሥት ሐኪም ደመወዝ ላይ ለጋለሪ ሥዕል የሚተርፍ እንደሌለ ማንም አይነግረኝም። ለብቻ አንችልም፤ በጋራ ግን ዩኒቨርሲቲያችን ራሱ ከዚህ በፊት አድርጎታል። ስታኒስላው ሆይናትስኪ የተባለው ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዘመን ሌላው እንደ ተራ ዕቃ ያያቸውን ሥዕሎች አንድ በአንድ ሰበሰበ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ያ ስብስብ የሙዚየሙ መሠረት ሆነ። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ከአባላቱ እያዋጣ ለሙዚየሙ ቅርስ ሲገዛ ኖሯል። ዛሬ ገነተ ልዑል ገብተን የምናያቸው ሥዕሎች እዚህ የቀሩት በዚያ ጊዜ የገዛ ሰው ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ የአለ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። ገና ጋለሪ ያልወከላቸው ስለሆኑ ዋጋቸውም አልራቀም። እያንዳንዳችን የአንድ ምሳ ዋጋ ብናዋጣ፣ ማኅበራችን በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ሥዕል መግዛት ይችላል። የሚመርጠው ከትምህርት ቤቱ መምህራን ጋር የተውጣጣ ኮሚቴ ይሁን። የግዢው ወረቀት፣ የሠዓሊው ስምና የተሠራበት ዓመት በደንብ ይመዝገብ። ሥዕሉ አንድ ዓመት ግቢ ውስጥ ይቆይ፤ ከዚያ የማኅበሩ አባላት ወደምንሠራባቸው የክፍለ ሀገር ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች በየተራ ይዙር። እርጥበትና ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ማዘጋጀት የተረካቢው ኃላፊነት ይሁን። ከደምበጫ በኩል ግድግዳውን ለማዘጋጀት እኔ ቃል እገባለሁ፤ የተመላላሽ ታካሚዎች ተራ የሚጠብቁበት ኮሪደር ሰፊ ነው፣ ፀሐይም አይገባውም።

ከሥዕሉ ግርጌም ስም ይጻፍ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሠዓሊው ስም ይቅደም፣ የእኛ ከሥር ይሁን።