ቁልፍ የሌለው በር

እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1995 ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የሙያ ባልደረቦቹ ሐሳብ እንዲለዋወጡበት፣ በአነስተኛ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ማንም አንባቢ ሊያርመው የሚችል ጽሑፍ ከፈተ። የይለፍ ቃል አልጠየቀም። ስሙንም በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን ከምታመላልሰው «ዊኪ ዊኪ» አውቶቡስ ወሰደ፤ በሃዋይኛ «ፈጣን» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዊኪፔዲያ የተወለደው ከዚሁ ሐሳብ ነው። የመጀመሪያው ዊኪ ግን ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ለአራሚዎች ተዘጋ።

ብዕሬን ለማላውቀው ሰው ማቀበል እኔንም ያስፈራኛል። ሆኖም ስሕተቴን ከእኔ ቀድሞ የሚያየው አንባቢዬ ነው። ካኒንግሃም በሩን የከፈተው ሌባ የለም ብሎ አይመስለኝም፤ ደግ እንግዳ ከሌባ ይበዛል ብሎ እንጂ።