የኔስ ሐይቅ «ጭራቅ»
ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ (ቅጂ)፣ ስኮትላንድ፣ እ.ኤ.አ. 1934

ከውሃው ቀጥ ብሎ የወጣውን አንገት የዓለም ሕዝብ ያየው በዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ነው። ፎቶውን አነሳሁት ያለው ሮበርት ዊልሰን የለንደን ሐኪም ነበር፤ የሐኪምን ቃል ማን ይጠረጥራል? በዙሪያው ያለውን ሞገድ ልብ ብለው ይመልከቱ። ጋዜጣው ጠርዙን ቆርጦ ስላተመው ግዙፍ መሰለ እንጂ፣ በሙሉው ፎቶ ላይ ነገሩ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ምስጢሩ ለሕዝብ ወጣ፦ የመጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ላይ የተተከለ ሰው ሠራሽ ራስና አንገት ነበር።

አንድ ፎቶ ሐሰት መሆኑ ግን ሐይቁ ባዶ ነው አያሰኝም። ውሃው ከ220 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ከበሰበሱ ዕፅዋት በተፈጠረ አፈር ስለጠቆረም ዓይን ሩቅ አያይበትም። ስለዚህ በኒውዚላንዳዊው ኒል ገሜል የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 አውሬውን መፈለግ ትቶ ውሃውን ቀዳ። ማንኛውም ፍጥረት ከቆዳውና ከዓይነ ምድሩ ዲኤንኤ ውሃ ውስጥ ይጥላልና። ከተለያየ ጥልቀት በተወሰዱት 250 ያህል ናሙናዎች ውስጥ የተሳቢ እንስሳ ዲኤንኤ አልተገኘም። እባብ የሚመስለው ኢል የተባለው ዓሣ ዲኤንኤ ግን ሞልቷል። ዲኤንኤ ዓሣው መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም።