የወደቀ ሰዓት ታሪክ

በቆዩ የስዊስ የእጅ ሰዓቶች ገጽ ላይ፣ ከአምራቹ ስም በታች፣ «ኢንካብሎክ» የሚል ቃል ተጽፎ ይታያል። ብዙ ሰው የሰዓቱ ዓይነት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ቃሉ ለመውደቅ የተበጀ መድኃኒት ስም ነው።

የሚሞላ ሰዓት ልቡ ባላንስ የሚባለው ትንሽ መዘውር ነው። በብዙዎቹ የድሮ ሰዓቶች ውስጥ በሰከንድ 5፣ በቀን 432,000 ጊዜ ወዲያ ወይም ወዲህ ይላል። የዘንጉ ጫፎች ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ሲሆን በሩቢ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ይሽከረከራሉ። ሰዓት ሲወድቅ የመዘውሩ ክብደት በሙሉ እዚያ ላይ ያርፋል። ጫፉን ማወፈር እንዳይቻል ሰበቃው ሰዓቱን ያዛባዋል።

መፍትሔውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1747 በኑሻቴል ተወልዶ በፓሪስ የሠራው አብርሃም ሉዊ ብሬጌ ነው። በ1790 ገደማ ድንጋዩን በሚለጠጥ ስስ ብረት ላይ አስቀመጠው። በታሌራን ቤት በእንግዶች ፊት ሰዓቱን ወለል ላይ ጥሎ ሳይጎዳ አነሣው እየተባለ ይተረካል።

ሆኖም ብልሃቱ ለረጅም ዘመን የውድ ሰዓት ጌጥ ሆኖ ቀረ። የሌላው ሰው ሰዓት ሲወድቅ ዕዳው የሰዓት ሠሪው ነበር። በማጉያ መነጽር የተሰበረውን ጫፍ ይፈልጋል፤ አሮጌውን ዘንግ መዘውሩን ሳይጎዳ ያወጣል፤ አዲሱን ያስራል፤ ከዚያም መዘውሩ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ሚዛኑን ያስተካክላል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰዓት ከኪስ ወደ ክንድ ሲወጣ ግጭቱ በዛ፤ ሥራውም በዚያው ልክ።

ኢንካብሎክ የመጣው በ1934 ነው። ድንጋዩ በሾጣጣ መቀመጫ ውስጥ ሆኖ፣ የክራር ቅርጽ ባላት ትንሽ ስፕሪንግ ይያዛል። ምት ሲመጣ ድንጋዩ ይሸሻል፤ ምቱን የዘንጉ ወፍራም ክፍል ይቀበላል፤ ስፕሪንጓም ድንጋዩን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።

እኔን የሚገርመኝ የብልሃቱ ረቂቅነት ብቻ አይደለም። ከመኳንንቱ ኪስ ተነሥቶ የሠራተኛው ክንድ ላይ ለመድረስ 140 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ሐሳቡ ከመጀመሪያው የተሟላ ነበር፤ የጎደለው በርካሽ አብዝቶ የሚሠራው ብቻ ነው። የአንድ ፈጠራ ታሪክ ሲጻፍ የፈጣሪውን ስም መዝግቦ ማቆም የማይበቃው ለዚህ ነው። መቼ ለሁሉ ደረሰ? የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት።