ቀለሃና ሉዓላዊነት

የአድዋ ድል ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ጠመንጃው ነው። ይሁን እንጂ ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጥይት ግን ውጊያው እስካለ ድረስ ይገዛል። የአገርን አቅም የሚፈትነውም ይህ ሁለተኛው ግዢ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በብዛት ከገቡት ጠመንጃዎች አንዱ የ1874 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሥሪት የሆነው የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ»፣ በሕዝቡ አንደበት ውጅግራ፣ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ስትታጠቅ፣ ያረጀው ውጅግራ በርካሽ ለውጭ ገበያ ቀረበ። አሮጌነቱ ግን አንድ በጎ ጎን ነበረው፤ የሚጎርሰው ጥቁር ባሩድ ነው፣ ጥቁር ባሩድ ደግሞ በአገር ውስጥ ይቀመም ነበር። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለሃ እየተለቀመ ዳግም ይሞላ ነበር። ጥይት ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን በገበያ የመገበያያ ዝርዝር እስከመሆን ደርሷል።

ዳግም መሙላት ግን ባሩድና እርሳስ በማግኘት ብቻ አያበቃም። ጥይት ሲተኮስ የናሱ ቀለሃ ተለጥጦ የጠመንጃውን ማጉረሻ ጎድጓዳ ቅርጽ ይይዛል። እንደገና በማንኛውም ጠመንጃ እንዲጎርስ በብረት ሻጋታ ተጨምቆ ወደ ልኩ መመለስ አለበት። ጭመቃው ካነሰ ቀለሃው ለተተኮሰበት ጠመንጃ ካልሆነ ለሌላው እንቢ ይላል፤ ከበዛ ደግሞ በቀጣዩ ተኩስ ያለመጠን ተለጥጦ ግርጌው አጠገብ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ልዩነቱ ከፀጉር ውፍረት ላይበልጥ ይችላል። ይህን ልክ ለአንድ ሠራዊት ጥይት ሁሉ መጠበቅ የሚችለው መለኪያና ማሽን ያለው ፋብሪካ እንጂ የአንጥረኛ እጅ ብቻ አይደለም።

ጭስ አልባው ባሩድ ሲስፋፋ ይህ ጠባብ መንገድም ይበልጥ ጠበበ። አዲሱ ባሩድ የኬሚስትሪ ኢንዱስትሪ ውጤት ነውና በቤት አይቀመምም። ጠመንጃው በዘመነ ቁጥር ጥገኝነቱ ጠለቀ።

ዋጋው የታየው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪስ የተፈረመው ውል ኢትዮጵያ መሣሪያ የምታስገባበትን ሥርዓት ወሰነ፤ ከፈራሚዎቹ አንዷ ጣሊያን ነበረች። በሐምሌ 1935 ብሪታንያ ለሁለቱም ወገን የመሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ ከለከለች። ክልከላው በወረቀት ላይ እኩል ነበር። ጣሊያን ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ የነበራት ደንበኝነት ነው። በኢትዮጵያ ላይ የተጣለው እገዳ በጥቅምት ሲነሳ ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር።

ዛሬም የመሣሪያ ግዢ ሲታወጅ፣ ስንት ተገዛ ከሚለው ጥያቄ በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፦ ሻጩ በሩን የዘጋ ዕለት ቀለሃውን ማን ይሞላዋል?