የነዳያን ማእድና የጾም ወጥ

የኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክ ስለ ግብር ብዙ ይናገራል። በንጉሡ አዳራሽ የሥጋው ብልት እንደ ማዕርግ ይከፋፈል ነበር፤ የመኳንንቱም አቀማመጥ በሥርዓት የተወሰነ ነበር። ከዳሱ ውጭ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀው ድኻ ግን ምን እንደ በላ የሚመዘግብ ጸሓፊ እምብዛም አልነበረውም። ስለዚህ የምጽዋት ነገር ሲነሣ የሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ ግብርና ወደ ተዝካር ይሄዳል፤ ነዳይ ከጌታ ማእድ በተረፈው ሲጠግብ ይታያል። ይህ አስተያየት ግን ከእውነቱ ጥቂቱን ብቻ የያዘ ነው። ግብር የሚደገሰው በዓመት ጥቂት ቀን ሲሆን፥ ረኃብ የሚመጣው በየዕለቱ ነው። ድኻ ዓመቱን ሙሉ የኖረው ከባላገር ቤት ምድጃ፥ ሥጋም ቅቤም ካልነካው ድስት በወጣው ምግብ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት ዋጋ ይመስላል፤ ዋጋ ብቻ ግን አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል፥ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ድረስ ይጾማሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ ይደገማሉ። በእነዚህ ቀኖች ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና ዕንቍላል አይቀመሱም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጾሙን ጽናት አይቶ ተደንቆ ነበር፤ በዐቢይ ጾም እንጀራ እንኳ ሳይቀምሱ በቅጠላ ቅጠል ብቻ ስለሚሰነብቱ መነኮሳትም ጽፏል። እንግዲህ በር ለሚያንኳኳ ሁሉ ምግብ ለመስጠት የምታስብ ባለቤት ከዓመቱ ቀኖች ግማሽ በሚያህሉት የጾም ምግብ ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ጥንቁቆቹ እመቤቶች ቅቤ የነካው ድስት ጾሙን እንዳያስገድፍ በማለት ለጾም ወጥ የተለየ ድስት ያስቀምጡ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነው። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፥ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ይህ ልማድ ከየሃይማኖቱ መጽሐፍ ትእዛዝ ይልቅ በማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ሥር የሰደደ ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ሁለቱ ወገኖች ተዛምደው በሚኖሩበት በወሎ እንኳ ድግስ ያለበት ቤት ለእንግዶቹ ሁለት ዐይነት ዕርድ ማዘጋጀት ይገባዋል። ሥጋ ስለዚህ ከሚበላው ሰው በፊት «የማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሽሮና ክክ፥ ንፍሮና ቆሎ ግን ይህን ጥያቄ አይጠይቁም። ከመንገድ የመጣው ሰው ማንም ይሁን ማን፥ ቀኑም ጾም ይሁን ፍስክ፥ ያለ ምርመራ ሊሰጠው የሚቻል የበሰለ ምግብ የጾም ምግብ ነበር። በአንዱ ወገን ሃይማኖት ሥርዓት ምክንያት የተደራጀ ወጥ ቤት ለሌላውም ወገን ርኁብ ማእድ ሆነ ማለት ነው።

ስለ ዋጋው ሲነገር የእህሉን ዋጋ ብቻ መቍጠር አይበቃም። ለብዙ ሰው ምግብ የሚያበስል ሰው እህልን፥ እንጨትን፥ ውሃንና ጕልበትን አብሮ ይቈጥራል። ንፍሮ ከሁሉ የቀለለ ምግብ ይመስላል፤ ስንዴው፥ ባቄላውና ሽምብራው በውሃ ተቀቅሎ ጨው ጣል ይደረግበታል፤ ይኸው ነው። ነገር ግን ደረቅ ባቄላ እስኪለሰልስ ድረስ ብዙ እንጨት ይበላል። ቆሎ እንጨት ይቈጥባል፥ ለመንገደኛም ይመቻል፤ ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ ግን አይሆንም። ሽሮ ከሁለቱ መካከል የገባ ብልኀት ነው። አተሩ፥ ባቄላው ወይም ሽምብራው አስቀድሞ ታምሶ፥ ተከክቶ፥ ልጣጩ ከተለየ በኋላ ከበርበሬው፥ ከነጭ ሽንኵርቱ፥ ከዝንጅብሉ፥ ከኮረሪማው፥ ከበሶብላውና ከአዝሙዱ ጋራ ይፈጫል። ይህ ሁሉ ሥራ ፀሓይ ባለበት በበጋው ወራት ያልቃል። በክረምት፥ እንጨቱ በረጠበበትና ጐተራው በጐደለበት ጊዜ፥ ከዱቄቱ ጥቂት ጭልፋ በፈላ ውሃ ላይ ቢበተን በጥቂት እሳት ብዙ ሰው የሚያበላ ወጥ ይሆናል። ሰው ከበዛ ውሃው ይጨመራል፤ ወጡ ይቀጥናል እንጂ አይጠፋም። ዘይት ከተገኘ ከኑግ ወይም ከሱፍ ጥቂት ይጠባል፤ ካልተገኘም ወጡ ያለ ዘይት ይበላል። የምግብ ሊቃውንት በኋላ እንደ ገለጹት፥ በጤፍና በገብስ ውስጥ የሚያንሰው ገንቢ ንጥረ ነገር በጥራጥሬ ውስጥ ይበዛልና እንጀራና ሽሮ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላል።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያልተቈጠረ ነገር ቢኖር የሴቶች ጕልበት ነው። የሞተር ወፍጮ ከመስፋፋቱ በፊት ለነዳያን የሚበተነው ሽሮ ሁሉ በድንጋይ ወፍጮ ላይ በጕልበቷ ተንበርክካ በምትፈጭ ሴት ክንድ ያለፈ ነው። የመጽዋቹ ስም ሲጠራ የርሷ ስም አይጠራም።

ከዚህ ማእድ ይልቁንም የተጠቀመው የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻው በትሩን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይዞራል። የሚሰጠው አንድ ዐይነት ምግብ አይደለም። ከአንዱ ቤት የጤፍ ቍራሽ፥ ከሁለተኛው የገብስ፥ ከሦስተኛው የማሽላ፥ ከሌላውም ቤት እፍኝ ቆሎ ወይም ንፍሮ ያገኛል። ወደ ጎጆው ሲመለስ ቍራሹን በፀሓይ አድርቆ ያስቀምጣል፤ ሲርበው በውሃ አርሶ በበርበሬና በጨው ይበላዋል። የቅኔና የዜማ፥ የመጻሕፍትም ትርጓሜ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በዚህ ድርቆሽ ኀይል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሰንበቴ ማኅበርም እንዲሁ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዳቦውንና ጠላውን፥ ንፍሮውንም በየተራ እያቀረበ ለነዳያን ድርሻ ይተው ነበር።

የጾም ምግብ ከከብት ፈጽሞ የተለየ ይመስላል። ነገር ግን ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ ይህ አስተያየት ከንቱ መሆኑ ታየ። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የሀገሪቱን አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ በሬ ከሌለ የሚያርስ የለምና ጤፉም ባቄላውም አልተዘራም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መቈፈሪያ ይዘው መሬት እየቈፈሩ ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን የተነሡት በዚህ ጊዜ ነው። ሥጋ የማይገባበት ወጥ እንኳ በበሬ ጫንቃ ላይ የቆመ ነበር። ሰጪና ተቀባይ እኩል በተራቡበት ዘመን አኩፋዳ ይዞ መዞር ትርጕም አልነበረውም።

ሆኖም የዚህ ማእድ ታላቁ አደጋ እህል መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ርካሽ እህል መገኘቱም ነው። ጓያ በጥቍር መረሬ መሬት ላይ ከክረምት በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል፤ ድርቅንም የመሬት ውሃ መቋጠርንም ይችላል፤ ብዙ ማረስንም አይፈልግም። ሽሮውም ወፍራምና ጣፋጭ ነው። ሌላው ሰብል በከሸፈበት ዓመት የሚተርፈው እርሱ ስለሆነ ለድኻ መጀመሪያ የሚደርሰውም እርሱ ነው። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ የተበላ እንደ ሆነ እግርን ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደውም አይድንም። ይበልጡን የሚጠቁትም ለሥራ የደረሱ ጕልማሶች ናቸው። በ1969 ዓ.ም. በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ተያዘ። ሕዝቡ በሽታውን በሚገባ ያውቀዋል፤ ምክንያቱን ግን ጓያው ሲቀቀል ለሚወጣው እንፋሎት ወይም ለገለባው ይሰጣል። መርዙ በፍሬው ውስጥ መኖሩን በ1956 ዓ.ም. በሕንድ ሀገር የሚሠሩ ሊቃውንት አገኙ። በኢትዮጵያም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሽታው በሚገኝባቸው አውራጃዎች እየተዘዋወሩ መረመሩት።

በ1988 ዓ.ም. ገደማ ከደረሰው ድርቅ በኋላ በደላንታ ዳውንት በሽታው እንደ ገና ሲነሣ የተደረገው ጥናት ለወጥ ቤት ታሪክ ልዩ ዋጋ አለው። ጓያውን እሸቱን፥ ቆሎውን ወይም ንፍሮውን የበሉት ይበልጥ ተጐዱ፤ ከሌላ እህል ጋራ ቀላቅለው የበሉት፥ ወጡንም በነጭ ሽንኵርትና በዝንጅብል የሠሩት ግን ጕዳታቸው ያነሰ ሆነ። ማዘፍዘፍና የተቀቀለበትን ውሃ መድፋትም መርዙን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውሃ ከሩቅ በእንስራ ለምታመጣ ሴት ውሃ መድፋት ቀላል ምክር አይደለም።

ባልትና ዐዋቂዎች ለጥሩ ሽሮ «ምጥን» የሚል ስም ሰጥተዋል። ስሙ የተሰጠው ስለ ጣዕም ነው፤ ባለቤቶቹ ስለ መርዝ ያሰቡበት አይመስልም። የሆነ ሆኖ ከብዙ ዐይነት ጥራጥሬ በልክ የተመጠነ ዱቄት የበላተኛውን እግር ሳይጠብቅ አልቀረም። የቆሎ ተማሪም አኩፋዳ፥ ከየቤቱ የተለየ ቍራሽ የሚገባባት በመሆኗ፥ ሳይታሰብ የተመጠነች ነበረች። በአንድ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ለመመገብ አንድ ዐይነት ርካሽ እህል በጅምላ የሚገዛ በጎ አድራጊ ግን ይህ ጥበቃ የለውም። ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ የሚሰበሰብበት አሮጌው ሥርዓት በገንዘብ ሲተካ በአንድ ድስት ውስጥ ይቀላቀል የነበረው ጥራጥሬ ወደ አንድ ዐይነት ወረደ፤ በገበያም ከሁሉ የሚረክሰው ብዙ ጊዜ ጓያ ነው። በደላንታ የሠሩት አጥኚዎች በ1996 ዓ.ም. ያወጡት ጽሑፍ ለርዳታ ስንዴ ወይም ሌላ የብርዕ እህል በጊዜው ቢደርስና ከጓያው ጋራ ቢቀላቀል የብዙ ሰው እግር ሊተርፍ እንደሚችል ያመለክታል።