ክኒኑን መንገድ ማን ያሳየዋል?

በኩፓት ሆሊም ወረፋ ስንጠብቅ ከእናቶችና ከአባቶች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ። «ራሴን አሞኝ የዋጥኩት ክኒን ሆዴ ገብቶ ሳለ ራሴን እንዴት አድርጎ ያገኘዋል? መርፌ ቢሆን አይሻልም ነበር?» ይላሉ። ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም፤ የዓለም ሊቃውንትም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳይፈቱት ኖረዋል።

በጥንት ዘመን ጋሌን የተባለው ሐኪም ደም ጉበት ውስጥ ተሠርቶ ወደ ሰውነት ይፈስና እዚያው ያልቃል ብሎ አስተምሮ ነበር። ውሃ ማሳ ውስጥ ገብቶ እንደሚሰርግ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1628 ግን እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቬይ ልብ በግማሽ ሰዓት የምትገፋው ደም በሰውነት ካለው ደም ሁሉ እንደሚበልጥ አስልቶ አሳየ። ያን ያህል ደም በየጊዜው ሊሠራ አይችልም፤ እንግዲያው ያው ደም ዞሮ ይመለሳል። ዛሬ እንደሚታወቀው አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው፤ ልብም ይህን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ገደማ ታዞረዋለች።

በ1656 በኦክስፎርድ ክሪስቶፈር ሬን በወይን ጠጅ የተበጠበጠ ኦፒየም በአንድ ውሻ የእግር ደም ሥር ውስጥ ጨመረ። ውሻው ወዲያው ደነዘዘ፤ በኋላ ግን ተረፈ። በእግር የገባው መድኃኒት ራስ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ክኒንም መንገድ አያውቅም። ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፣ በጉበት ያልፋል፣ ከዚያም ደም በሚደርስበት ሁሉ ይበተናል፤ ወደታመመው ራስም፣ ወዳልታመመው እግርም። ጡንቻ ላይ የሚወጋው መርፌም መድኃኒቱን የሚያገባው ወደዚያው ደም ነው። ፈጥኖ መድረስ ሲያስፈልግ ወይም መድኃኒቱ ሆድ ውስጥ የሚበላሽ ሲሆን መርፌ ይታዘዛል። አለዚያ ሐኪሙ ክኒን ሲሰጠን ንቆን አይደለም። በአገር ቤት የምናውቀው ኮሶ ግን ለየት ይላል፤ ሥራውን የሚሠራው ትሉ ባለበት በአንጀት ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ደም የደረሰበት በር ሁሉ አይከፈትም። በ1885 ጀርመናዊው አይሁዳዊ ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ በእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም እየጨመሩ ሲመረምሩ፣ የሰውነት ክፍሎች ሲቀልሙ አንጎል ሳይቀልም ቀረ። እሳቸው አንጎል ቀለም አይዝም ብለው ገመቱ። ተማሪያቸው ኤድዊን ጎልድማን በ1913 ቀለሙን በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ቢጨምር፣ አንጎል ቀልሞ ሌላው ሰውነት ሳይቀልም ቀረ። ለካ በመካከል አጥር ኖሯል!

ይህን አጥር ስም ሰጥተው በሰፊው ያጠኑት ሊና ሽተርን የተባሉ አይሁዳዊት ናቸው። በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ነበሩ፤ በ1925 ወደ ሞስኮ ሄዱ። በዚያን ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ወደ አንጎል ሽፋን የወጣበት ልጅ ተስፋ አልነበረውም። በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን ነቀርሳን ቢገድልም፣ ጡንቻ ላይ ሲወጋ አጥሩን የሚያልፈው ጥቂት ነው። ሽተርን መድኃኒቱ በቀጥታ አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ እንዲሰጥ አደረጉ፤ ይሞታሉ የተባሉ ልጆችም ተረፉ። ምስጋናቸው ምን ሆነ? በ1949 በአይሁድ ፀረ ፋሺስት ኮሚቴ አባልነታቸው ታሰሩ። አብረዋቸው ከተከሰሱት 13ቱ በኦገስት 1952 ሲረሸኑ፣ እሳቸው ለግዞት ተዳረጉ። ስታሊን ከሞተ በኋላ ተመልሰው እስከ 1968 ኖሩ።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ወደ ደም የገባው መድኃኒት እዚያው አይቀመጥም። በ1941 በኦክስፎርድ ፔኒሲሊን መጀመሪያ ከተሰጣቸው ሕሙማን አንዱ ቁስሉ የመረቀዘበት ፖሊስ ነበር። መድኃኒቱ በጣም ጥቂት ስለነበረ፣ በኩላሊት በኩል ፈጥኖ ሲወጣ ሐኪሞቹ ሽንቱን እያጠራቀሙ ፔኒሲሊኑን አጣርተው መልሰው ወጉት። ሰውየው ማገገም ጀምሮ ሳለ መድኃኒቱ አለቀ፤ ሕመሙ አገረሸበትና በማርች ወር ሞተ። በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ «በየስምንት ሰዓቱ» ተብሎ የሚጻፈው፣ የፊተኛው ከደም ውስጥ ሳያልቅ ሌላው እንዲደርስ ነው።