የሮታሪ ክበብ ታሪክና የወጣቱ ተራ



እድር ከቀብርና ከለቅሶ ሌላ ለሰፈሩ ምን ሊሠራ ይችላል የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። እኛም ለዘንድሮው መጽሔታችን ሮታሪ ስለሚባለው የአገልግሎት ክበብ ታሪክ ጥቂት ብንጽፍ ለውይይቱ ይረዳል አልን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ አራት ሰዎች በአንዲት ቢሮ ተሰበሰቡ። ሐሳቡን ያመነጨው ፖል ሃሪስ ጠበቃ ሲሆን፣ ከቀሩት አንዱ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ አንዱ የማዕድን መሐንዲስ፣ አንዱም ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሃሪስ ያደገው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ስለ ነበር ቺካጎ ሲገባ እንጀራ አላጣም፤ ጎረቤት ግን አጣ። ይህ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። እድርም በአዲስ አበባ የተስፋፋው ከየአገሩ የመጣው ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ ቀባሪና አስተዛዛኝ እንዳያጣ ብሎ ነው። እነዚያ ሰዎች አንድ ጊዜ በአንዱ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው መሥሪያ ቤት በተራ ይሰበሰቡ ስለ ነበር ክበባቸውን «ሮታሪ» አሉት፤ በተራ የሚዞር ለማለት ነው። በኛ አገር ማኅበር በየቤቱ በተራ እንደሚጠጣው መሆኑ ነው እንግዲህ።

መጀመሪያ ላይ አባላቱ እርስ በርስ ከመረዳዳት ብዙም አላለፉም። ኋላ ግን በ1907 በከተማቸው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ከሌሎች ማኅበሮች ጋር ሆነው ተነሡ። የክበቡ የመጀመሪያ የሕዝብ አገልግሎት ሥራ ተብሎ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው። ለሽንት ቤት ይህን ያህል ብሎ የሚስቅ ይኖር ይሆናል፤ የሰፈር ችግር የሚያውቅ ሰው ግን አይስቅም።

ወጣቶችን በሚመለከት ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1962 ነው። በፍሎሪዳ፣ ሜልቦርን በምትባል ከተማ፣ 23 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች «ኢንተራክት» የተባለውን የመጀመሪያ የተማሪዎች ክበብ አቋቋሙ። ክበቡ የራሱ ሊቀ መንበር፣ የራሱ ጸሐፊ፣ የራሱ ገንዘብ ያዥ አለው። ትልልቆቹ ከኋላ ሆነው ይደግፋሉ እንጂ ወንበሩን አይዙም። በየዓመቱም ቢያንስ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አንዱ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለአካባቢው፣ ሁለተኛው ከሌላ አገር ሕዝብ ጋር ለመተዋወቅ የሚረዳ ነው። በ1968 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና፣ በሻርሎት ከተማ፣ «ሮታራክት» የሚባለው የጎልማሳ ወጣቶች ክበብ ተጀመረ። እነዚህ ክበቦች በድርጅቱ ውስጥ እንደ ሮታሪ ክበቦች በአባልነት እንዲቆጠሩ የተወሰነው ግን ገና በ2019 ነው። ከረዳትነት ወደ አባልነት ለመሻገር 51 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

የሴቶቹም ነገር እንደዚሁ ነበር። በ1977 በካሊፎርኒያ የዱዋርቴ ክበብ ሦስት ሴቶችን ቢቀበል ከድርጅቱ ተሰረዘ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለክበቡ ፈረደ፤ በ1989 ሴቶችን የሚከለክለው ደንብ በዓለም ዙሪያ ተነሣ።

የሰው ብዛት ጥቅሙ የታየው በፖሊዮ ዘመቻ ነው። ሮታሪ በ1979 በፊሊፒንስ ሕፃናትን ማስከተብ ጀመረ፤ በ1985 ደግሞ ለዓለም ሕፃናት 120 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገባ። በ1988 በሽታው በ125 አገሮች በዓመት 350,000 ያህል ልጆችን ሽባ ያደርግ ነበር። ወደኛም አገር የሮታሪ አባላት፣ ከሲያትል ሳይቀር፣ እየመጡ ከጤና ሠራተኞቻችንና ከበጎ ፈቃደኞቻችን ጋር ቤት ለቤት ዞረዋል። ክትባቱ በአፍ የሚሰጥ ሁለት ጠብታ ነው። ነገር ግን ቀዝቃዛውን ሳጥን ተሸክሞ የሚዞር፣ በር የሚያንኳኳ፣ የተከተበውን ልጅ ጣት ቀለም የሚቀባ ሰው ከሌለ ገንዘቡ ብቻውን ምን ይሠራል? በኦገስት 2020 አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። በሽታው ከአፍጋኒስታንና ከፓኪስታን ግን ገና አልጠፋም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለኛ ምን ይለናል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን አባቶቻችን ነግረውናል፤ ይህን ከማንም አንማርም። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ሌላ ነገር ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚ ወንበር የሚሸከመው፣ ውሃ የሚቀዳው ወጣቱ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ግን ድምፁ አይሰማም፤ በመዝገብም ላይ ያለው በወላጁ ስም ሥር ነው። ሸክም ብቻ የተሰጠው ልጅ ሲያድግ ሰፈር ይቀይራል፤ ያኔ የኛን ድንኳን ማን ይተክላል?

ስለዚህም የሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገሮችን እንዲመለከት እናሳስባለን። አንደኛ፣ ወጣቶች የራሳቸውን ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሚመርጡበት ክፍል በደንባችን ይግባ። ሁለተኛ፣ ትንሽም ብትሆን ራሳቸው የሚያዙባት ገንዘብ ከመዋጮው ትመደብላቸው፤ ሒሳቡንም ለጉባኤው ያቅርቡ። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያ ሥራቸውን ራሳቸው ይምረጡ፤ የቦይ ጠረጋም ይሁን ተማሪ ማስጠናት፣ ወይም ጠያቂ የሌላቸውን አረጋውያን መጠየቅ። እኛ ትልልቆቹ ሲጠሩን እንሄዳለን።